ዜናውም አርባው ይቈጠርለት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ባምባሲን አልፎ አሶሳ ይገባል። እንግዳ ሰው ከተማዪቱን አስቀድሞ የሚያውቃት በማንጎዋ ነው፤ ፍሬው በሚደርስበት ወራት ከመንገዱ ግራና ቀኝ በሳፋና በከረጢት ተደርድሮ ይሸጣል። በዚሁ መንገድ ላይ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ አህያውና እግረኛው ባንድነት ይጋፋሉ። በመካከላቸውም ቢስክሌት ነጂው አለ፤ ተማሪ፣ ወይም የጋራዥ ተለማማጅ፣ ወይም ከገበያ ዕቃ ጭኖ የሚመለስ ጐልማሳ ይሆናል። እንደ እግረኛው ከመንገዱ ወርዶ በሣሩ ላይ መሄድ አይሆንለትም፤ እንደ ባለ መኪናውም ቆርቆሮ አይጋርደውም።

እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ቢስክሌት ነጂ በመኪና ተገጭቶ ሲሞት ዜናው በምን ዐይነት ቃል እንደሚነገር አንባቢያችን ሳያውቀው አይቀርም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቀበሌ፣ ዕድሜው ይህን ያህል የሆነ ቢስክሌት ነጂ በደረሰበት የመኪና አደጋ ሕይወቱ አልፏል፤ የአደጋው መንሥኤ በመጣራት ላይ ነው፤ አሽከርካሪዎች ሁሉ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ፖሊስ አሳስቧል። ዜናው በዚህ ያበቃል። አራት መሥመር ነው። ከዚያ በኋላ «በመጣራት ላይ ነው» የተባለው ነገር ተጣርቶ ምን ሆኖ እንደ ተገኘ፣ መዝገቡ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዐቃቤ ሕግም ወደ ዳኛ ደርሶ እንደ ሆነ፣ የሟቹ ቤተ ሰብ ምን እንደ ተካሰ የሚናገር ድምፅ አይሰማም።

የሟቹ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። በሀገራችን ልማድ ክርስቲያን ሲሞት በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በዐሥራ ሁለቱ፣ በሠላሳው፣ ባርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ይታሰባል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዱዓና በሰደቃ የሚያስቡበት የራሳቸው ሥርዐት አላቸው። እናት ቀኑን ትቈጥራለች፤ ዘመድም ከሩቅ አገር ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚያስተምረን ሞት ያንድ ቀን ነገር አለመሆኑን ነው። እንግዲህ ቤተ ሰብ ዓመት ሙሉ የሚቈጥርለትን ሰው ዜና ባንድ ቀን ሲረሳው፣ የጐደለው ነገር ሐዘኔታ ብቻ አይደለም፤ ፍርድም አብሮ ይጐድላል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የምንወደው ይህንኑ ነው፤ ለሟቹ አርባው እንደሚወጣለት ሁሉ ለዜናውም አርባው ይቈጠርለት።

የመጀመሪያው ቀን ቃል

የመጀመሪያውን ቀን ዜና ደኅና አድርገን ብንመረምረው ሁለት ጕድለት እናገኝበታለን። አንደኛው የቋንቋው ነው። «ተገጭቶ ሞተ» ሲባል የገጨው ሰው ከነገሩ ውስጥ ይጠፋል። «መኪናው ገጨው» ሲባልም መኪናው ያለ ሰው የሚሄድ ይመስላል። «አደጋ ደረሰበት» ሲባል ደግሞ ነገሩ እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ሆኖ ይታያል። እነዚህ ቃላት ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን አንባቢው «ማን? በምን ያህል ፍጥነት? መብራት ነበረውን? ፍሬኑስ መቼ ታይቶ ነበር?» ብሎ እንዳይጠይቅ ያስተኙታል።

ሁለተኛው ጕድለት የምስክሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቃሉን የሚሰጠው በሕይወት የተረፈው ሰው ነው፤ ሟቹ መናገር አይችልም። «ድንገት ገባብኝ» የሚለው ያሽከርካሪው ቃል በማለዳ ወደ ፖሊስ መዝገብ፣ ከመዝገቡም ወደ ራዲዮ ይሄዳል። ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም አይደለም። ማንም ተመልሶ ካልጠየቀ ግን ያው ቃል በከተማው ሁሉ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይኖራል።

ይህ ጉዳይ የክብር ነገር ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ሕጉን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው አንቀጽ፣ የተሽከርካሪው ባለቤት ራሱ ባይነዳውም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ነጻ የሚወጣው መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። በ2086ኛው አንቀጽም ባለቤቱ «ጥፋት የለብኝም» ወይም «የጕዳቱ ምክንያት አልታወቀም» በማለት ከኀላፊነት እንደማይድን ይናገራል፤ ነገር ግን ጕዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጐጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ኀላፊነቱ ሊቀር ወይም ሊቀነስ ይችላል። እንግዲህ ያቺ «ድንገት ገባብኝ» የምትባል ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ልብ በሉ። እውነት ካልሆነችና ማንም ካልመረመራት፣ በሟቹ ላይ የማይገባ ወቀሳ ከመጣልዋ ሌላ ከልጆቹ አፍ እንጀራ ልትነጥቅ ትችላለች።

በሌላው ወገን ደግሞ ለአሽከርካሪው ማሰብ ተገቢ ነው። ማንም ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቈጠር መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በ20ኛው አንቀጹ ደንግጓል። ዜና ዝም ሲል ግን ወሬ አይተኛም። «ሰክሮ ነበር»፣ «ጉቦ ሰጥቶ ወጣ»፣ «የእገሌ ወገን ስለ ሆነ ተለቀቀ» የሚል ነገር ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት ይዞራል። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ አማራውና ኦሮሞውም አብረው በሚኖሩበት ክልል እንዲህ ያለው ወሬ ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ ከዚያም እስከ 2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰውን ደምና የተፈናቀለውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ያልተጣራ ወሬ ምን እሳት ሊያቀጣጥል እንደሚችል አይስተውም። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረቱ፤ የዜና ዝምታ ግን ይነቅዛል። ተመልሶ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ንጹሑን አሽከርካሪ ከሐሜት ያድነዋል፤ ጥፋተኛውንም ከተደበቀበት ያወጣዋል።

ያንድ አባት ጽሑፍ

ዜና ተመልሶ ሲመጣ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከሆላንድ አገር ታሪክ መማር እንችላለን። ዛሬ ሆላንድ የቢስክሌት አገር እየተባለች ትመሰገናለች፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀብት ሲበዛ መኪናም በዛ፤ ከተሞችዋም መንገዳቸውን ለመኪና አስፍተው ለቢስክሌት አጠበቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 ባንድ ዓመት ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ከነዚህም መካከል ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ።

በዚሁ ዓመት፣ በእኛ አቈጣጠር በጥቅምት 1964 ዓ.ም.፣ በሰሜን ብራባንት አውራጃ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ በቢስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በመኪና ተገጭታ ሞተች። አባትዋ ቪክ ላንገንሆፍ «ደ ታይድ» በሚባለው ጋዜጣ የሚሠራ ጋዜጠኛ ነበር። በአሽከርካሪው ላይ የተፈረደው መቀጫ 150 ጊልደር ነበር። አባትየው ግን የልጁን ሞት ባንድ ቀን ዜና አልተወውም። በመስከረም 1965 ዓ.ም.፣ ማለት ልጅቱ ከሞተች 11 ወር ሲሆናት፣ «ሕፃናትን መግደል ይቁም» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ በጋዜጣው አወጣ። አገሪቱ በየዓመቱ ይህን ያህል ልጆች እየቀበረች በዝምታ መኖርዋን ወቀሰ፤ ወላጆችም ተባብረው እንዲነሡ ጠራቸው።

ከጥሪው በኋላ ወላጆች ተሰብስበው በዚያው ርእስ የሚጠራ ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያዪቱ ሊቀ መንበር ማርትዬ ቫን ፑተን ትባል ነበር፤ ኋላ ለአውሮፓ ፓርላማ ተመርጣለች። የማኅበሩ ሰዎች ልጅ የሞተበትን መንገድ እየዘጉ ልጆች እንዲጫወቱበት አደረጉ፤ ወደ ባለሥልጣኖችም እየሄዱ «ምን አደረጋችሁ?» ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ችግር መጥቶ መንግሥቱ በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ባዘዘ ጊዜ፣ ሕዝቡ ጸጥ ያለ መንገድ ምን እንደሚመስል በዐይኑ አየ። ከዚያም በኋላ ለቢስክሌት የተለየ መንገድ በየከተማው ተሠራ፤ በመኖሪያ ሰፈርም መኪና በእግር እርምጃ ልክ እንዲሄድ ሕግ ወጣ። የመንገድ ሕጋቸውም ባለ መኪና ቢስክሌት ነጂን በገጨ ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር እንደ ደረሰበት ካላስረዳ በቀር ጕዳቱን እንዲክስ ያዝዛል። ከ3,000 በላይ የነበረው የዓመት ሟች ቍጥር በዚህ ባለንበት ዘመን ወደ 700 ገደማ ወርዷል።

አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ያን ሁሉ ለውጥ የቀሰቀሰው ጽሑፍ በሞቱ ማግስት የወጣ ዜና አልነበረም። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የወጣ ነበር። በማግስቱ ሰው ያለቅሳል እንጂ መመርመር አይችልም። ከወራት በኋላ ግን ፍርዱ ተሰምቷል፤ የተደረገውና ያልተደረገው ነገር ታውቋል፤ ቍጥርም ተሰብስቧል። ለምስክርነት የሚበቃ ጽሑፍ የሚጻፈው በዚያን ጊዜ ነው።

ስሙ የተሰማና ያልተሰማ

በጎረቤት ኤርትራ ደሲየት ኪዳነ የምትባል ስመ ጥር ቢስክሌት ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በኅዳር 8 ቀን 2021 በአስመራ ልምምድ ላይ ሳለች ተሽከርካሪ ገጭቷት በ21 ዓመትዋ ዐረፈች። በስዊስ አገር በሚገኘው የዓለም ቢስክሌት ማእከል የሠለጠነች ነበረችና የሞትዋ ዜና በዓለም ሁሉ ተሰማ። የአሶሳው የጋራዥ ተለማማጅ ግን እንዲህ ያለ ስም የለውም። ስለ እርሱ የሚጽፍ የውጭ አገር ጋዜጣ አይኖርም። የራሱ ከተማ ዜና ካልቈጠረው ማንም አይቈጥረውም።

አለመቈጠር ስንልም ምሳሌ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ፣ በ2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብሎ በመንግሥት የተመዘገበው ቍጥር 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን 27,326 ነበር። በሁለቱ መካከል ከ22,000 የሚበልጥ ሰው አለ። ግምት ግምት ነው፤ በመዝገብና በግምት መካከል ይህን ያህል ርቀት መኖሩ ግን የሞትን ነገር በጥንቃቄ እንዳልያዝነው ያሳያል። ከዋና ከተማ በራቀ አገር፣ ቁስለኛው በሰው መኪና ተጭኖ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ቢሞት፣ ወይም ከሳምንታት በኋላ በቤቱ ቢያርፍ፣ ሞቱ ከመንገዱ ጋራ ሳይያያዝ ይቀራል። በየወሩ «የዚያ ሰው ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ የአገር ቤት ጋዜጠኛ ካለ ግን ቢያንስ ያንዱ ስም ከጠፉት መካከል ይወጣል።

ዕርቅና ፍርድ

በየቤታችን የሚደርሰውን አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሰው በመኪና ከተገደለ በኋላ ብዙ ጊዜ የአሽከርካሪው ዘመዶች ሽማግሌ ይልካሉ። ሽማግሌዎቹም «የሞተ ተጐዳ፤ ይህንንስ አስራችሁ ምን ታተርፋላችሁ?» ይላሉ። ዕርቅ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ቂም ይዞ መኖርም ለሰው ነፍስ አይበጅም። የሟቹ እናት «ይቅር ብያለሁ» ስትል ከመስማት የሚበልጥ ታላቅ ነገር የለም። ነገር ግን ይቅርታ አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን መሸፈን ሌላ ነገር ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ543ኛው አንቀጽ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ እንደ ሐኪም ወይም እንደ አሽከርካሪ ያለ የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጫ እንደሚቀጣ ይናገራል። ግልጽ የሆነውን ደንብ ዐውቆ የጣሰ እንደ ሆነ፣ ወይም በመጠጥ ራሱን ያሳተ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጫ ነው። ይህ ክስ የሕዝብ ክስ ነው፤ በቤተ ሰቡ አቤቱታ የሚጀመር፣ በቤተ ሰቡም ዕርቅ የሚዘጋ አይደለም። ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተ፣ ቁስለኛውን የረዳ፣ ጕዳቱንም የካሰ ሰው ግን ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ይኸው ሕግ በ82ኛው አንቀጽ ይናገራል። እንግዲህ ዕርቁና ፍርዱ አይጣሉም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። የሚጣሉት ዕርቁ መዝገቡን ለመቅበር ሲውል ነው።

ስለ ካሳው ደግሞ አባወራዎችና እመቤቶች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለኅሊና ጕዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ2116ኛው አንቀጽ ተወስኗል፤ ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ይህ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን የአንድ ቀን የልቅሶ ቤት ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ይልቁን ሟቹ ለሚጦራቸው ሰዎች የሚገባውን የመተዳደሪያ ካሳ መጠየቅ ይገባዋል። ለዚህም የ2 ዓመት ጊዜ ገደብ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ሲሆን የሚጸናው የረዘመው ነው። ከዚህም በላይ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ተሽከርካሪ ሁሉ መድን እንዲገባ አዝዞ፣ በወጣበት ጊዜ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ካሳ እንዲከፈል ደንግጎ ነበር፤ ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለተጐዳው ደግሞ የመድን ፈንድ እንዲክስ አድርጓል። «ገጪው አልተገኘም» በተባለ ጊዜ ሁሉ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ይህን የማያውቅ ቤተ ሰብ ግን ሽማግሌ ያመጣለትን ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ በሩን ይዘጋል።

ዜናው የሚመለስባቸው ቀኖች

ታዲያ ምን ይደረግ? የተዝካሩን ሥርዐት ለዜናው መበደር ይቻላል። በሣልስቱ ጋዜጠኛው ሬሳው ወደ ተነሣበት መንገድ ይሂድ። በጧትና በማታ ቆሞ ይመልከት፤ መብራት አለን? የመንገዱ ዳር ተበልቷልን? ባጃጅ የሚቆምበት ስፍራ ቢስክሌቱን ወደ መሀል ይገፋዋልን? መኪናዎቹስ በምን ፍጥነት ያልፋሉ? ፍጥነት በመቶ 1 እጅ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ ግጭት በመቶ 4 እጅ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ያስተምራል። ከአሽከርካሪው ሌላ ያዩ ሰዎች ካሉም ቃላቸውን ይስማ፤ ማንጎ ሻጪቱ ከሁሉ ይልቅ አይታ ሊሆን ይችላል።

ባርባው ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሂድ፤ «መንሥኤው በመጣራት ላይ ነው» ያላችሁት ተጣርቶ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቅ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በተጠየቀ ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎበታል። በመንፈቁ ችሎት ይግባ፤ የወንጀል ፍርድ በግልጽ ችሎት የሚሰማ ነውና በሩ ክፍት ነው። ዳኛው ምን እንደ ፈረደ፣ ቤተ ሰቡም ካሳ አግኝቶ እንደ ሆነ በቀጥታ ይጻፍ። በሙት ዓመቱ ደግሞ ወደዚያው መንገድ ተመልሶ ምን እንደ ተለወጠ ይይ። መንግሥታችን ራሱ ለእግረኛና ለቢስክሌት የሚሆን የ10 ዓመት ስልት እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ለቢስክሌት የተለየ መሥመር አስምሯል። ቃል የተገባው ነገር ሰው እስከ ሞተበት መንገድ ድረስ መድረሱን መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አራት ቀን ይበቃዋል። የጋዜጠኛው የቀን መቁጠሪያ ላይ አራት ምልክት ማድረግ ነው። ቤተ ሰብም ሊያግዘው ይገባል። የመኪናውን ሰሌዳ፣ የፖሊሱን መዝገብ ቍጥርና የሐኪሙን ማስረጃ ባንድ ፖስታ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ቀጠሮ ሲሰጠው ይጻፈው፤ ዜናውን የተናገረውን ራዲዮ ወይም ጋዜጣም «የልጃችንን ነገር ባርባው ጠይቁልን» ብሎ ያስታውሰው። ማኅበርተኞችና የእድር ዳኞችም የድንኳኑንና የወንበሩን ነገር እንደሚያስቡ ሁሉ ከኀዘንተኛው ጋራ ችሎት የሚሄድ አንድ ሰው ቢመድቡለት፣ ትልቅ ረዳትነት ይሆናል።

በየፖሊስ ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር ወይም ግድግዳ ጥግ ጎማው የተጣመመ ቢስክሌት ተደግፎ ይታያል። ለማስረጃ የተያዘ ነው። ዝናብ ይዘንብበታል፤ ፀሓይ ይወጣበታል፤ ሰንሰለቱም ይዝጋል። ነገሩ በፍርድ ሲያልቅ ቢስክሌቱ ለቤተ ሰቡ ይመለሳል፤ ታናሽ ወንድም ጠግኖት ይነዳው ይሆናል። ነገሩን የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን እዚያው ይቀራል። እንደዚህ ያለ ቢስክሌት ያየ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ብዕር የያዘ ሰው፣ ዝም ብሎ አይለፍ፤ ይህ የማን ነበር፤ ነገሩስ ምን ላይ ደረሰ ብሎ ይጠይቅ።